ግድግዳን ማንበብ፦ ስለ አዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶችና እድሳታቸው



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ከወላጆቼ የወረስኩትን የጭቃ ቤት አሳደስኩ። ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለሰንኩ፤ ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፍኩ፤ ቤቱም ዘመናዊ መሰለ። በሦስተኛው ክረምት ልስኑ እየተላቀቀ ይወድቅ ጀመር። ሲገለጥ የባሕር ዛፉ ቋሚዎች ከሥራቸው በስብሰው ተገኙ። ግንበኛውን ልወቅሰው አልችልም፤ የሠራው ያዘዝኩትን ነው። የቤት ታሪክ የማስተምር ሰው የገዛ ቤቴን ሳላነብ አዝዤ ነበር።

የጭቃ ቤት የራሱ ስሌት አለው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተው ጭቃ ይመረጋል። ይህ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይተፋል። የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ የሚወጣው ዝናቡን ከግድግዳው ለማራቅ ነው፤ ለበዓል ቤት መለቅለቅም ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጥገና ነበር። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ ከጭቃው ጋር አይሳሳብም፣ የገባውን እርጥበትም መውጫ ይዘጋበታል። እንጨቱ የሚበሰብሰው እዚያ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የመኖሪያ ቤቷ መልክ በፍጥነት ተለዋውጧል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶም ቋሚም ሆነ፤ ቆርቆሮ የሣር ክዳንን ተካ። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያላቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ተሠሩ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት ከመኳንንቱ ቤቶች አንዱ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ቪላ መጣ፤ ከፊት ሳሎን፣ ከጀርባ ሰርቪስ። ጭሱና ምጣዱ ከእንግዳው ዓይን ርቀው ወደ ጓሮ ሄዱ። የዘመናዊነት ትርጉማችን ከሳሎኑ ይልቅ በዚህ አቀማመጥ ይነበባል፤ ምድጃው ከኋላ፣ በምድጃው ላይ የምትደክመው ሴትም ከኋላ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ ጊዜ የሚጠናው እንደ ንብረት ታሪክ ነው። እኔ እንደ ጥገና ታሪክም ሊጠና ይገባል እላለሁ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ማከራየት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ መጠለያን በርካሽ እንዳስገኘ መካድ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ ኪራይ የሚተርፈው ገንዘብ ጣሪያ አያስለውጥም። ተከራዩ በማይወርሰው ግድግዳ ላይ ለምን ገንዘቡን ያፈስ? የቀድሞው ባለቤትስ በምን መብቱ? ቤት የሚፈርሰው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ነው የሚለው ሰው ሲጠፋም ነው። በአሮጌ የቀበሌ ቤት ውስጥ የምታዩት በስስ ጣውላ ለሁለት የተከፈለ ሳሎን፣ በጎን የተቀጠለ የቆርቆሮ ማድ ቤት፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ሰነድ ነው። ተማሪዎቼን መዝገብ ቤት ከመላኬ በፊት እዚያ የምወስዳቸው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ታሪኩን በአዲስ መልክ ይቀጥለዋል። ንድፍ አውጪዎቹ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ማሰባቸው የሚመሰገን ነው። ነዋሪው ግን ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ግድግዳ ያፈርሳል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቦታ ይቀይራል፤ የቧንቧው መስመር ከላይ እስከ ታች የጋራ መሆኑን የሚያውቀው የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ሲያንጠባጥብ ነው።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ሲሚንቶውን አስፍቄ የበሰበሱትን ቋሚዎች ከሥር አስቆረጥኩና በድንጋይ መሠረት ላይ አሳረፍኳቸው። ጭቃው ተቦክቶ በማግስቱ ይመረግ ስል አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ በአጥር ላይ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ገና አልበሰለም፤ ይሰንብት እንጂ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሴራሚኩን አላነሣሁትም፤ እሱም የእኔ ዘመን ምልክት ነውና ይቆይ ብያለሁ።