ፋቤላ፦ ከጉልበት በስተኋላ ያለችው ትንሽ አጥንት ታሪክ

በባት ጡንቻ ውጨኛ ራስ ውስጥ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የምትገኘው ትንሽ አጥንት ፋቤላ ትባላለች፤ ስያሜው በላቲን ትንሽ ባቄላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋይነር፣ ማክናብና ተርነር በእርሷ ሳቢያ የሚነሣውን የጉልበት ሕመም «የፋቤላ ሲንድሮም» በሚል ርእስ አቀረቡ። በ2019 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የ150 ዓመታት ጽሑፎችን መርምረው፣ በ1918 11 በመቶ የነበረው ስርጭቷ በ2018 ወደ 39 በመቶ ማደጉን ገመቱ፤ ምክንያቱም በተሻለ አመጋገብ የሰው ቁመትና ክብደት መጨመሩ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ይሁን እንጂ አጥንቷ ያለቻቸው ብዙዎች ሕመም አይሰማቸውም። ስለዚህ በራጅ መታየቷ ብቻውን የሕመሙን መንሥኤ አያረጋግጥም፤ ጉልበት ሲዘረጋ የሚብሰውን፣ ቦታው ሲጫንም የሚያመውን ለይቶ ማወቅ ዛሬም የመርማሪው እጅ ድርሻ ነው።