የዱንኋንግ ዋሻዎችና ብቸኛው ጠባቂ

የቻይናን ጥንታዊ የሥዕል ጥበብ በምንጩ ለመመርመር የሚሻ መንገደኛ፣ የቤጂንግን አብያተ መንግሥት ብቻ ተመልክቶ ከመመለስ ይልቅ በጋንሱ ክፍለ ሀገር በኩል ወደ ምዕራብ ቢዘልቅ፣ ለምለሙ ምድር ወደ ኋላ እየቀረ የጎቢ በረሓ በግራ በቀኝ እየተንጣለለ ከሄደ በኋላ፣ የሐር መንገድ ሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ያሳርፉባት ወደ ነበረችው ወደ ዱንኋንግ ይደርሳል። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ገደል ላይ፣ ከቡድሃ ሃይማኖት ቅርሶች መካከል በቀዳሚነት የሚቈጠሩት የሞጋኦ ዋሻዎች ተደርድረዋል።

በኋላ ዘመን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ታሪክ እንደሚነግረን፣ እ.ኤ.አ. በ366 ለዙን የተባለ መነኩሴ ከዚህ ስፍራ ሲደርስ ተራራው በወርቅ ብርሃን ተጥለቅልቆ የሺህ ቡድሃ ምስል የተገለጠበት ቢመስለው፣ ለተመስጦው የምትሆን አንዲት በአት ከዐለቱ ፈለፈለ። ከዚያም ወዲህ አንድ ሺህ ዓመት ያህል፣ ነገሥታትና መኳንንት፣ በረሓውን ለመሻገር የሚሰጉና ተሻግረው በሰላም የገቡ ነጋዴዎችም፣ ስእለታቸውን ለመፈጸም ዋሻ ሲያስፈለፍሉ ኖሩ። ዛሬ ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው ዋሻዎች 492 ሲሆኑ፣ የግድግዳው ሥዕል 45,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሐውልቶቹም ከ2,000 ይበልጣሉ። ዐለቱ ጠጠር የበዛበት ስለ ሆነ ለቅርጽ አይመችምና፣ ጠቢባኑ ሐውልቱን በእንጨትና በሸምበቆ አፅም ላይ በጭቃ አበጁት፤ ግድግዳውንም ጭድ በገባበት ጭቃ መርገውና ለስነው በማዕድን ቀለም ሣሉበት። ከሥዕሉ ግርጌ ዋሻውን ያሠሩት ሰዎች ከነስማቸው ቆመው ይታያሉ፤ በቅዱሳን ሥዕል እግር ሥር የአሣዪውን ተማኅፅኖ ማየት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በ1900፣ ማንም ሳይሾመው በምጽዋት እየኖረ ዋሻዎቹን ይጠብቅ የነበረ ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የታኦ ሃይማኖት መነኩሴ፣ ከአንዱ ዋሻ አሸዋ ሲያስጠርግ በግድግዳ የተደፈነች ጠባብ ክፍል አገኘ። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ተዘግታ የቀረችው ይህች ዕቃ ቤት በዐሥር ሺሆች በሚቈጠሩ መጻሕፍትና በሐር ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የተሞላች ነበረች። ከቡድሃ መጻሕፍት ጎን የውል ወረቀት፣ የሕክምና መጽሐፍና ባሕረ ሐሳብ፣ ከቻይንኛውም ጎን የቲቤት፣ የሳንስክሪት፣ የሶግድና የዕብራይስጥ ጽሕፈት ተገኘ፤ በ635 ወደ ቻይና የገቡት የሶርያ ክርስቲያኖች «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» እያሉ የሚያመሰግኑበት መዝሙር እንኳ ወደ ቻይንኛ ተተርጕሞ በዚያ ተቀምጦ ነበር። ከታተሙት መካከልም በ868 የወጣውና የኅትመት ዘመኑ ከነቀኑ ከተጻፈባቸው መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የአልማዝ ሱትራ ይገኛል።

ዋንግ ያገኘውን ነገር ለሹማምንት ቢያስታውቅ፣ ክፍሏን መልሰህ ዝጋ ከሚል ትእዛዝ በቀር ገንዘብም ዘበኛም አልተሰጠውም። በ1907 ኦሬል ስታይን ከእንግሊዞች በኩል፣ በ1908 ደግሞ ቻይንኛ አሳምሮ የሚያውቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ፔልዮ መጥተው፣ ጥቂት ብር እየሰጡ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በሣጥን ጭነው ሄዱ። ዋንግም ብሩን ለራሱ ምቾት ሳያውል ለዋሻዎቹ ማደሻ አደረገው። በ1924 አሜሪካዊው ላንግደን ዋርነር ሥዕሉን ራሱን ከግድግዳው ልጦ እስከ መውሰድ ደረሰ።

ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍቶቻችን ብዙዎቹ የአልማዝ ሱትራ በሚገኝበት በዚያው የለንደን ቤተ መጻሕፍት ስለሚኖሩ፣ አንባቢ በወሳጆቹ ላይ ለመፍረድ አይቸግረውም፤ ፍርዱም ትክክል ነው። ነገር ግን መቅደላ በጦር ኀይል ሲዘረፍ፣ ዱንኋንግ የተበዘበዘው ሹም በተወው በአንድ ድኻ ጠባቂ እጅ ነው፤ ዋንግን ብቻ ከሃዲ ብሎ መጥራትም፣ ዜናው ደርሷቸው ዝም ያሉትን ባለ ሥልጣኖች ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ይሆናል። ቅርስ የሚጠፋው ወሳጅ በደረሰበት ዕለት ሳይሆን፣ ጠባቂው ያለ ረዳት ከቀረበት ዕለት ጀምሮ ነው።

ጠባቂ ረዳት ሲያገኝ ቅርስ እንደሚተርፍ በሥራው ያስመሰከረው ቻይናዊው ሠዓሊ ቻንግ ሹሆንግ ነው። በፓሪስ ሥዕል ሲማር በሴን ወንዝ ዳር ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ፔልዮ ያሳተመውን የዱንኋንግ ሥዕሎች መጽሐፍ ቢያይ፣ የገዛ አገሩን ጥበብ በባዕድ አገር በማግኘቱ ተገርሞ ወደ ቻይና ተመለሰ፤ በ1944ም በመንግሥት የቆመውን የዱንኋንግ የጥናት ተቋም በዳይሬክተርነት ይመራ ጀመር። ባልደረቦቹ በረሓ ላይ ተቀምጠው አሸዋውን ጠረጉ፣ ሥዕሎቹን ገለበጡ፣ የሚፈርሰውንም አጠናከሩ፤ ዋሻዎቹም በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

ዛሬ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ፣ አስጎብኚ ተከትሎ ጥቂት ዋሻዎችን ብቻ በባትሪ ብርሃን ያያል፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም አይፈቀድለትም። የጎብኚዎች ትንፋሽና ላብ ቀለሙን ስለሚጎዳ፣ በየቀኑ የሚገባው ሰው በቍጥር የተወሰነ ነው። ሩቅ መንገድ ተጉዞ በጥቂት ደቂቃ ውጣ መባል ያስከፋል፤ ሆኖም ዋንግ ዩዋንሉ ያጣው ይህንኑ በሥልጣን፣ በዕውቀትና በገንዘብ የተደገፈ ክልከላ ነውና፣ እንግዳው በደስታ ሊቀበለው ይገባል።