አባ ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን ከተማ ስለ ሃይማኖታቸው የሰጡት መልስ

በሰው አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ከጎረቤቱና ከሥራ ባልንጀራው ጥያቄ አይቀርለትም። ስለ ምን ትጾማለህ? ይህንስ ሥጋ ስለ ምን አትበላም? ይሉታል። የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ በተንኮል ሳይሆን ማወቅ ወድደው ነው፤ ነገር ግን መላሹ ይጨነቃል። ጭንቀቱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ወደ 500 ዓመት ከሚጠጋ ዘመን በፊት በአንድ የኢትዮጵያ ካህን ላይ እጅግ ከብዶ ነበር።

ዐፄ ልብነ ድንግል በአገራቸው 6 ዓመት የተቀመጡትን የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲያሰናብቱ አባ ጸጋ ዘአብን መልእክተኛ አድርገው አብረው ላኩ። እርሳቸውም በ1526 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከምጽዋ ተነሥተው በ1527 ሊዝቦን ገቡ። ባልንጀራቸው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1533 ወደ ቦሎኛ ሄዶ የንጉሡን ደብዳቤ ለሮማው ፓፓ ለክሌሜንጦስ 7ኛ ሲያቀርብ አባ ጸጋ ዘአብ ግን በሊዝቦን ቀርተው ነበር።

በዚያም ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልዮ የሚባሉ የንጉሡ የነገረ መለኮት ሊቃውንት መረመሯቸው። ስለ ቅዳሜ ሰንበት፥ ስለ ግዝረት፥ ስለሚበላውና ስለማይበላው ሥጋ ደጋግመው ተከራከሯቸው። ከዚህም የተነሣ መልእክተኛው ከቅዱስ ቍርባን ተከለከሉ። ከመንገዱ ድካምና ከዓመታቱ መርዘም ይልቅ ያቈሰላቸው ይህ ነው፤ በጥምቀት ወንድሞቼ ናቸው ባሏቸው ሰዎች መካከል እንደ አረመኔ ተቈጥረው በደጅ መቆም ለካህን ቀላል ነገር አይደለም።

በ1533 ግን ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የሚባል የተማረ ፖርቱጋላዊ ወደ እርሳቸው መጣ። እርሱ አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ ትንሽ መጽሐፍ በ1532 አሳትሞ ነበርና የጐደለውን ከአገሩ ሰው አፍ ለመስማት ፈለገ። መርማሪዎቹ ሊፈርዱ ጠየቁ፤ ይህ ሰው ግን ሊያውቅ ጠየቀ። ስለዚህ አባ ጸጋ ዘአብ በቃል ብቻ ሳይወሰኑ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሃይማኖትና ሥርዐት በ1534 በጽሕፈት ሰጡት። ለእኛ የደረሰው ዳሚያኦ ያሳተመው የላቲን ትርጓሜ ነው።

የመልሳቸው መንገድ ሊታሰብ ይገባዋል። ከሃይማኖት የሚቈጠረውንና ከልማድ የሚቈጠረውን ለይተው አስረዱ። በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ወደ ውሃ መውረድ ለጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው እንጂ ለመዳን የግድ የሚያስፈልግ ዳግም ጥምቀት አይደለም አሉ። በመገረዛችንም ከሌሎች ክርስቲያኖች እንበልጣለን አንልም አሉ። ስለ መብልም የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ የሐዋርያውን የጳውሎስን ትምህርት አነሡ። የተላኩት ለፍቅርና ለስምምነት እንጂ ለክርክር አለመሆኑን ገልጸው፥ ግሪክም ሆነ አርመናዊ ወይም ኢትዮጵያዊ፥ በክርስቶስ የሚያምን ሁሉ ስለ ሥርዐቱ ሳይሰደብ በፍቅር ሊያዝ ይገባዋል ብለው አጥብቀው ጻፉ። ከቍርባን መከልከላቸውንም አልሸሸጉም፤ ኀዘናቸውን በግልጥ አሰፈሩት። ይህን ባይጽፉ ኖሮ የቀረው ጽሕፈት የሊቅ ትምህርት ብቻ በሆነ ነበር።

ጥቂት ቈይቶ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ሃይማኖታቸውን ለኢየሱሳውያን ሲመልሱ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ቅዳሜን እንደ አይሁድ እንደማያከብሩ ገልጸው፥ ግዝረት በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት ያለ የአገር ልማድ ነው ብለዋል። የአሳማ ሥጋ መብላትም አለመብላትም ማንንም እንደማያስገድድ አስረድተዋል። ንጉሡ የመልእክተኛውን ጽሕፈት አይተው እንደ ሆነ አይነገርም፤ ምናልባት በአንድ ትምህርት ያደጉ ሰዎች ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ማግኘታቸው ይሆናል።

የአባ ጸጋ ዘአብ ቃል በ1540 በሉቫን ከተማ ታተመና በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ተነበበ። በፖርቱጋል ግን በ1541 የሃይማኖት መርማሪዎቹ አለቃ እንዳይሸጥ ከለከለው፤ ስለዚህ ቃሉ በተነገረበት በሊዝቦን መነበብ አልተፈቀደለትም። ዳሚያኦም በ1571 በእነዚሁ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ ታሰረ። አባ ጸጋ ዘአብ ግን ይህን ሁሉ አላዩም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኢትዮጵያን ሳያዩ በህንድ አረፉ።