ዜና ሉቺያኖ ቫሳሎ

ሉቺያኖ ቫሳሎ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጣሊያናዊ ነበር። ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ የሮማ መንግሥት ጣሊያናውያን ከአገሬው ሴቶች የወለዷቸውን ልጆች ልጄ ብለው እንዳይቀበሉ በሕግ ከለከለ። ሉቺያኖና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ የአባታቸውን ስም ይዘው በእናት አገር አደጉ።

በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች አሥመራን ያዙ። የገዢው ባንዲራ ቢለወጥም የኳስ ሜዳው ሥርዓት ቶሎ አልተለወጠም፤ ነጩ ለብቻው፣ አገሬው ለብቻው፣ ክልሱም ለብቻው ቡድን ነበረው። ሉቺያኖ የጀመረው ክልሶች በሰበሰቡት በስቴላ አስማሪና ነው። ቀን መካኒክ፣ ከሥራ በኋላ ተጫዋች ነበር፤ በዚያ ዘመን በኳስ ብቻ የሚያድር ሰው አልነበረምና። ቆይቶም ለግሩፖ ስፖርቲቮ አሥመራና ለገጀረት ተሰለፈ። ቦታው መሐል ሜዳ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ አጥቂ ጎል የሚያገባ አማካይ ነበር።

በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። የአሥመራ ልጆችም በአገሪቱ ሻምፒዮና ለመጫወትና ለብሔራዊ ቡድኑ ለመመረጥ በቁ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሐማሴንና አከለ ጉዛይ ሻምፒዮን ሆኑ፤ የአዲስ አበባ ክለቦችም የሰሜኑን ኳስ በሚገባ አወቁት።

ከዚህ በኋላ ሉቺያኖ ወደ ምሥራቅ ወርዶ የድሬዳዋውን ኮተን ተቀላቀለ። ኮተን የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ነው። ያ ዘመን ፋብሪካ ቡድን የሚያቆምበት፣ ለተጫዋቹም ደመወዝና ማደሪያ የሚሰጥበት ነበር፤ የሲሚንቶው ቡድንም አንድ ዓመት ሻምፒዮን ሆኗል።   ኮተን ግን በሉቺያኖ ዘመን በአገሪቱ አቻ አልነበረውም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗልና።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋ ሁለተኛ፣ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ከሦስት ቡድኖች የመጨረሻዋ ሆና ነበር። ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቺያኖ ነበር። ብዙዎቹ ተሰላፊዎች ከኤርትራ የመጡ ነበሩ፤ ወንድሙ ኢታሎም ከእነርሱ አንዱ ነው። እንደሚተረከው፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል የጣሊያን ስም ያለው ክልስ መሆኑ ያልጣማቸው ሹማምንት ነበሩ። ስሙን እንዲለውጥ ወይም አምበልነቱን ለሌላ እንዲለቅ ፈለጉ፤ ይድነቃቸው ግን አልተቀበለም። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና 21 ዓመቱ ነበርና ቅሬታው ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። ሆኖም የፋሺስት ሕግ ልጅነቱን የካደበትን ሰው በፋሺስት ስም መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ በጃንሆይ ፊት፣ ሁለት ጊዜ ዋንጫውን የወሰደችው ግብፅ ቀረበች። ግብፃዊው በደዊ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ እየተመራች ቆይታ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ በደዊ በ75ኛው ደግሞ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ሁለተኛውን ጎል አስቆጥሮ ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወሰደው። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ። 4 ለ 2 ሆነ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከአሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ለዚያ ዋንጫ የደከሙት የአሥመራ ልጆች አገርም የጦርነት አገር መሆን ጀመረ።

የቀረው የውድድር ዘመኑ በአጭሩ ይነገራል። በ1956 በጋና ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ በ1958 በቱኒዚያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምድቧን በሦስት ድል ካለፈች በኋላ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረታች፤ አራተኛም ሆነች። በ1962 ዓ.ም. በሱዳን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፤ የሉቺያኖም የብሔራዊ ቡድን ዘመን በዚያው አበቃ። ለአገሩ 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ጎል አስቆጠረ የሚል ቁጥር ይጠቀሳል። ለአማካይ እጅግ የበዛ ነው፤ በዚያ ዘመን የወዳጅነቱና የክፍለ ሀገሩ ጨዋታ አብሮ ይቆጠር እንደ ነበር ማሰብ ይገባል።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ኑሮው ከባለሥልጣናት ጋር አልስማማ አለው። ቤት ንብረቱን ትቶ በጂቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ አባቱን ወደ ሰጠው፣ እርሱን ግን ወዳልፈለገው አገር። በሮማ አካባቢ ወደ ልጅነት ሙያው ተመልሶ መኪና እየጠገነ ኖረ። የሕይወት ታሪኩንም በጣሊያንኛ ጽፎ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» በሚል ርእስ አሳተመ።

መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በዚያው በጣሊያን ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የአፍሪካን ዋንጫ የተቀበለ የኢትዮጵያ አምበል የለም።