የጥንቸሎቹ ሠርግ በአላባማ፦ የአንድ የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ጥንቸሎች ነው። አንዱ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ ናቸው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጋርዝ ዊልያምስ ጽፈውና ሥለው በ1958 ባሳተሙት «የጥንቸሎቹ ሠርግ» በተሰኘው መጽሐፍ ሁለቱ በጫካ ውስጥ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ጥቁሩ ግን በየመካከሉ ቁጭ ብሎ ይተክዛል። ምን እንደሚያሳስበው ስትጠይቀው፣ ምኞቱ ሁልጊዜ ከእርሷ ጋር መኖር እንደ ሆነ ይነግራታል። ይጋባሉ፤ የጫካው እንስሳትም ይጨፍራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ መጽሐፍ በ1959 በአላባማ የምክር ቤት ጉዳይ ሆነ። ዘመኑን እናስታውስ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ከሻረ ገና አምስት ዓመቱ ነው። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ጸንተው ማሸነፋቸውም የቅርብ ትዝታ ነው። የግዛቲቱ የ1901 ሕገ መንግሥት ደግሞ ነጭና ጥቁርን የሚያጋባ ሕግ ከቶ እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት የሚያገባበት መጽሐፍ፣ ሙሽሮቹ ጥንቸሎች ቢሆኑም፣ በዘር መለያየት ደጋፊዎች ጋዜጣ ተወገዘ። የዴሞፖሊሱ ሴናተር ኢ. ኦ. ኤዲንስም መጽሐፉና መሰሎቹ ከመደርደሪያ ወርደው እንዲቃጠሉ ጠየቁ።

በቅኔ ልማዳችን ብንናገር፣ ሴናተሩ በሰሙ ውስጥ ወርቅ አገኘሁ ሲሉ፣ ደራሲው ሰም ብቻ ነው አሉ። ዊልያምስ፣ ነጭ ጠጉር ያላቸው እንስሳት ከነጭ ሰዎች ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳላቸው አላውቅም ነበር ብለው በምፀት መለሱ፤ ጥቁርና ነጭ የመረጡትም ጎን ለጎን ሲታዩ ለዓይን ስለሚያምሩ እንደ ሆነ አስረዱ። እኔ አምናቸዋለሁ። ነገር ግን የከሳሾቻቸው ንባብ ከባዶ የመነጨ አልነበረም። አውቶቡሱ፣ የመጠጥ ውኃው ቧንቧ፣ የመቆያ ክፍሉ ሳይቀር በቀለም በተከፈለበት አገር፣ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ያኖረው ሕጉ ራሱ ነው። ደራሲው ባያስቡትም፣ አንባቢው ዘወትር የሚያየውን ይዞ ነው ወደ ገጹ የሚመጣው።

ከሁሉ ይልቅ ልንቆይበት የሚገባው ግን የአንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ውሳኔ ነው። ኤሚሊ ዊሎክ ሪድ የአላባማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤታቸው በግዛቲቱ ላሉ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ያውስ ነበር። ሪድ መጽሐፉን አንብበው አንዳች ነውር አላገኙበትም፤ አላስወገዱትም። ሆኖም ከክፍት መደርደሪያው አንሥተው፣ በጥያቄ ብቻ ወደሚሰጡት መጻሕፍት ክፍል አዛወሩት።

ይህን እንዴት እንመዝነው? ማፈግፈግ ነው የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትሠራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ያን መጽሐፍ ላኩልኝ ብላ በስሟ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብዳት መገመት አያዳግትም። መጽሐፉ አለ፤ ግን ደፍሮ ለጠየቀ ብቻ። በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤቱ በጀት በእነዚያው የምክር ቤት አባላት እጅ ነበር። ሪድ መጽሐፉን በይፋ ይዘው በጀቱን ቢያጡ፣ በገጠሩ ያለው ልጅ የሚያጣው አንድ መጽሐፍ ብቻ አይሆንም ነበር። በእኔ ግምት ያደረጉት ነገር ጀግንነት ተብሎ ከሚዘመርለት ያነሰ፣ ፍርሃት ተብሎ ከሚነቀፈው የበለጠ ነው። ክርክሩ ግን አላበቃም። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤታቸው ያሰራጨው የተመረጡ መጻሕፍት ዝርዝር የማርቲን ሉተር ኪንግን መጽሐፍ በመያዙ ኤዲንስ እንደገና ተነሡባቸው። ሪድ በ1960 አላባማን ለቀው ወደ ዋሽንግተን ሄዱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመደርደሪያው የጎደለ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ጥቁር ልጅ ነው። ናንሲ ላሪክ በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1964 ከወጡት 5,206 የሕፃናት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁር ሰው የሚታየው በ349ኙ ብቻ፣ ማለትም በ6.7 በመቶው እንደ ነበር አሳዩ። ጥቁር ሕፃን ዋና ባለታሪክ የሆነበት የኤዝራ ጃክ ኪትስ «በረዷማው ቀን» በ1962 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የካልዴኮትን ሽልማት ሲያገኝ ብርቅ የሆነው ስለዚህ ነው። ልዩነትን ስለ መቀበል በእንስሳት አንደበት መናገር የቆየና የሚያምር ዘዴ መሆኑን፣ በጅብና በጦጣ ተረት ያደግን እኛ አንስተውም። ዳሩ ግን ጥንቸል አያት ቅድመ አያት የለውም፤ ከአውቶቡስ መቀመጫ ተነሥ ያለው የለም። አሳታሚዎች ስለ እንስሳት ወዳጅነት ማሳተም ቀሏቸው፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ፊት መሣል ከብዷቸው ነበር።

በዘር የተለያዩ ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክሉ ሕጎችን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ሻረ። የአላባማው አንቀጽ ግን ከሕገ መንግሥቱ የተፋቀው በ2000 በሕዝብ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜም ከመራጮች አርባ በመቶ ያህሉ ይቆይ ብለዋል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።