ከአንገት በታች ያለው ሥዕል

በጣና ላይ፣ በናርጋ ሥላሴ መቅደስ ግድግዳ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው በዘመኑ የሥዕል ወግ የተሠራ ነው፤ ትልልቅ ዓይን፣ ለስላሳ ጉንጭ። ወደ ልብሳቸው ስንወርድ ግን የሠዓሊው ትጋት ይለወጣል። ያ ጨርቅ ከሩቅ አገር በነጋዴ የመጣ፣ በገንዘብ የተገዛ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የእቴጌይቱ ልብስ ነው፤ አበባውም ጠርዙም ሳይዘለል አንድ በአንድ ተለቅሞ ተሥሏል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በትእዛዝ የመኪና ሥዕል እሠራለሁ። የአባቱን ላንድሮቨር፣ የወጣትነት ቮልሱን፣ ውጭ አገር ጋራዥ ውስጥ ሸፍኖ ያስቀመጠውን ኤምጂ በቀለም አኑርልኝ የሚል ሰው ይመጣል፤ ወይም ከባሕር ማዶ ፎቶ ይልካል። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ከፈረንጅ የተቀዳ አዲስ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ደግሞ የዚሁ የሐይቅ ዳር ሙያ ልጅ ነው እላለሁ።

የጣና ሠዓሊ ከመምህሩ የወረሰውን መልክ ብቻ ይደግም ነበር፣ ከዓይኑ ፊት ያለውን አይሥልም ነበር ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስለ ፊት ከሆነ እስማማለሁ። ከአንገት በታች ግን አልስማማም። የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጓሙ፣ ግላሱ፣ የኮርቻው ጌጥ ሁሉ በቦታው ነው። የሰማዕቱ እግር ባዶ ነው፤ እርካቡም ትንሽ ቀለበት ሆኖ በአውራ ጣት ተይዟል። የአገራችን ፈረሰኛ ይጋልብ የነበረው እንዲሁ ነው። ይህን የሣለ ሰው ፈረሰኛ አይቷል፤ ያውም ደጋግሞ፣ ከቅርብ።

ደግሞስ የሚያሠራው ማን ነበር? በፈረሱ ስም የሚጠራ መኳንንት ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ይባሉ ነበር። ስሙን ከፈረሱ ያገኘ ጌታ ልጓሙ ተዛብቶ ቢሣል ዝም ብሎ ያልፋል ብዬ አላምንም። ሠዓሊውን የተማረውን መልክ እንዲጠብቅ ያዘዘው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዕቃውን እንዳይስት ያስገደደው ግን ባለቤቱ ነው ብዬ እገምታለሁ። የኔም ደንበኛ ሥዕሉን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው ቸርኬውን ነው።

ጠመንጃም እንዲሁ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎችን ይዞ ከመጣ በኋላ መሣሪያው በአገሩ እየተለመደ ሄደ፤ ቀስ በቀስም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተሻገረ። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚሰጥሙ የፈርዖን ጭፍሮች ጠመንጃቸውን እንደያዙ የተሣሉበት ግድግዳ አለ። በፈርዖን ዘመን ጠመንጃ አልነበረም ብሎ መተቸት ቀላል ነው። ሠዓሊው ግን የጦር ሠራዊት ማለት በእሱ ዘመን ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የሚያውቀውን ነው ያስቀመጠው።

አሠራሩም ለዝርዝር የተመቸ ነበር። አብዛኛው የግድግዳ ሥዕል በቀጥታ በጭቃው ላይ አልተሣለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ሰፊው ቀለም፣ በመጨረሻ ቀጭኑ ብሩሽ፤ የጥልፉ ነጠብጣብና የኮርቻው ጌጥ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እኔም ከዚህ ቅደም ተከተል አልወጣም። የሞተር መሸፈኛውን ኮፈን፣ ፓራፋንጎውን፣ በሩን በሰፊው ቀለም እሞላለሁ፤ ብሎኑና የመብራቱ ቀለበት መጨረሻ ይመጣሉ።

አገራችን መኪና ያየችው በምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያደረሰው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን መኪናውም ሲድሌ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ወደ ጣና ዳር መኪና በብዛት የመጣው ግን ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፖሊ ቴክኒክና የጢስ ዓባይ መብራት ኃይል ሲኖሯት መንገዱም ተሽከርካሪው በዛበት።

እንግሊዞች ለመኪና ሥዕል የራሳቸው ታላላቆች አሏቸው። ፍሬድሪክ ጎርደን ክሮስቢ ለአውቶካር መጽሔት ለረጅም ዓመታት መኪና ሥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1943 እስከሞተ ድረስ። በጃጓር አፍንጫ ላይ የምትዘለውን የብረት ነብር የቀረጸውም እሱ ነው። በዚያው መጽሔት ማክስ ሚላር የመኪናውን ቆዳ ገፎ ሞተሩን፣ ማርሹንና ሞላውን ከነቦታቸው የሚያሳይ ሥዕል ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥዕል ዕቃው እንዴት እንደተገጠመ ሳያውቁ መሣል አይቻልም። የክሮስቢን ሥራ ስመለከት የማስበው ያንን በአውራ ጣት የተያዘ እርካብ ነው፤ ሁለቱም ከማወቅ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ስታዘዝ ፎቶውን ብቻ አልገለብጥም። ፎቶ ውሸታም ነው፤ ቅርቡን አፍንጫ ያገዝፋል፣ የኋላውን ያኮስሳል፣ ጥላ ውስጥ የወደቀውን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኔቫ ላይ የቀረበው የጃጓር ኢ-ታይፕ ውበቱ ያለው በረጅሙ ኮፈን ነው፤ ፎቶ ሲያበላሸው ሠዓሊ ማቃናት አለበት። ባለ ሽቦውን ቸርኬ ደግሞ ሽቦው ከመሀል ተነስቶ እንዴት እንደሚጠላለፍ ያላየ ሰው በደፈናው ያድበሰብሰዋል። ላንድሮቨር ለእኛ ይቀርባል፤ ቆርቆሮው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፣ ግን ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱም የባለቤቱ ታሪክ ነው። በቀድሞዎቹ የፊት መብራቶቹ መሀል ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ፓራፋንጎዎቹ ወጥተዋል። ይህን ያሳሳተ ሠዓሊ የሰውየውን አባት መኪና ሳይሆን የጎረቤቱን ሥሏል።

ወጣቶች ጋራዥ ድረስ ሄደው መካኒክ እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የባሕር ዳር ባጃጆች ጀርባ ላይ የነበረው የብሩሽ ጽሑፍና የቅዱሳን ሥዕል አብዛኛው በስቲከር ተተክቷል፤ ስቲከር ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ባለ ባጃጁን አልወቅሰውም። የማዝነው ለእጁ ነው። ብሩሽ ይዞ ያደገ ልጅ ለትእዛዝ ሥዕል ይተርፍ ነበር።

አንድ ደንብ ደግሞ ከገዳማቱ በቀጥታ ወስጃለሁ። በእኛ ሥዕል ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይን ይዘው ይሣላሉ፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ይቀርለታል። እኔ መኪናን በጎን አልሥልም። ትንሽ አዙሬ ሁለቱም የፊት መብራቶቹ እንዲታዩ አደርጋለሁ። በጎን ይሁንልኝ የሚል ደንበኛ ከመጣ ምክንያቴን እነግረዋለሁ፤ እስካሁን ከተነገረው በኋላ በጎን ካልሆነ ያለኝ የለም።

በጣናው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ማን እንደሣለው እናውቃለን፤ በንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በአበምኔቱ ይስሐቅ ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ። ይህን የምናውቀው ሥዕሉ ላይ ስለተጻፈ ነው። ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉት ሠዓሊዎች ግን እጅግ ይበዛሉ፤ ከብዙ ሥዕል ግርጌ የሚነበበው ያሠራው ሰው ስም ብቻ ነው። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ከመኪናው ጎማ ሥር፣ በቀጭኑ ብሩሽ፣ የባለቤቱ ስም፣ ታርጋው፣ መኪናው የተሠራበት ዓመት፣ ከዚያ ቀጥሎ የሠዓሊው ስምና ባሕር ዳር።