ጭሱ የት ሄደ?

ላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። አፍንጫችንን ይዘን እናልፍና እንረሳዋለን። ክምሩ ከዓይናችን ከጠፋ ነገሩ ያለቀ ይመስለናላ! ዛሬ የምናወራችሁ በዓለም ትልቁን በጀት የያዘው ጦርም ልክ እንደኛ አስቦ ስለደረሰበት ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ኢራቅ ነው፤ ከባግዳድ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የነበረው የባላድ የአሜሪካ ጦር ሰፈር። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ስለነበር አንድ ከተማ በሉት። በ2007 በቀን ከ100 እስከ 200 ቶን የሚገመት ቆሻሻ 4 ሄክታር ያህል በሚሰፋ ሜዳ ላይ ይነድ ነበር። ባዶ ሃይላንድ፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ ምኑ ቅጡ! ማቀጣጠያው ደግሞ የአውሮፕላን ነዳጅ ነበር።

ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቆሻሻውን አቃጥሎ አይጨርሰውም። ፕላስቲኩ እንደ ዳዮክሲን ያለ መርዝና ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ይወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ ሰዎቹ መኝታ ይመልሰዋል።

“ማን አውቆ?” እንዳንል ታውቋል። በዲሴምበር 2006 እዚያው ባላድ የነበረ አንድ የአየር ኃይል የአካባቢ ጤና መሐንዲስ ጭሱ ለጤና አደገኛ መሆኑን በማስታወሻ አሳውቋል።

መፍትሔውም ብርቅ አልነበረም። ቆሻሻን መቀነስ፣ ፕላስቲክና ባትሪን ለይቶ ማውጣት፣ የሕክምናውን በኢንሲኔሬተር ማቃጠል፣ የግድ ሜዳ ላይ የሚነደውን ከመኖሪያ ማራቅና የነፋሱን አቅጣጫ ማየት። ባላድም ኢንሲኔሬተሮች ገብተውለት ጉድጓዱ በ2009 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር አደገኛና የሕክምና ቆሻሻ በክፍት ጉድጓድ እንዳይቃጠል ከለከለ።

በቃ፣ ተፈታ? የለም። በኦገስት 2010 በአፍጋኒስታን 251፣ በኢራቅ 22 የማቃጠያ ጉድጓዶች ነበሩ። በአፍጋኒስታን ኮስት በነበረው የሳሌርኖ ጦር ሰፈርማ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣባቸው ኢንሲኔሬተሮች ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ፤ ክፍቱ ጉድጓድ ግን መጨሱን ቀጠለ። ዕቃ መግዛት ችግር መፍታት አይደለም፣ ወገኖች!

ወታደሮቹ አገራቸው ገቡ። ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ካንሰር ያገኛቸው ካሳ ሲጠይቁ “ማስረጃችሁ የታለ?” ተባሉ። በ2011 የባላድን ጭስ የመረመሩ ሳይንቲስቶችም መረጃው ስለጎደለ የረጅም ጊዜ ጉዳቱን በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። አያችሁ ጉዱን? በጊዜው በቅጡ ያልተለካ ጭስ ኋላ ማስረጃ አይሆንም። ከ20 በላይ በሽታዎችን ከጭሱ ጋር የተያያዙ አድርጎ የሚቀበለው ሕግ የተፈረመው በኦገስት 10 ቀን 2022 ነው። ከማስታወሻው 16 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው!

እሱም ቢሆን የሚመለከተው የአሜሪካን ወታደሮች ነው። ከአጥሩ ማዶ የነበሩት የባላድ ገበሬዎችም ያንኑ አየር ተንፍሰዋል፤ ሕጉ ግን አያውቃቸውም። ጭስ እንደሆነ አጥር አይገድበውም።

እና እኛም ቀጥሎ ክብሪት ስንጭር ክምሩ ጠፋ ብለን ከመሄዳችን በፊት “የት ሄደ?” ብንል ምን ይመስላችኋል? መልሱ ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው ደረት ውስጥ ነው።